መስከረም በጠባ ቁጥር የሚመለሰው «ጉንፋን»

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራና ሜዳው በአደይ አበባ ሲያጌጥ የማይደሰት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ቤት መስከረም የሚገባው በማስነጠስ ነው። የርስዎም ቤት ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ልጅዎ ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ ሰባት ስምንት ጊዜ በተከታታይ ያስነጥሳል። ከአፍንጫው እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ይወርዳል። ዓይኑን እያሸ ያቀላዋል፤ ላንቃውንና የጆሮውን ውስጥ ይበላዋል። እርስዎም ብርድ መትቶት ነው ብለው ሹራብ ይደርቡለታል፤ ዝንጅብል በማር ያፈሉለታል፤ አያቱ ካሉም ምች ነው ብለው ዳማከሴ ያሹለታል። አንድ ሳምንት ያልፋል፤ ሁለት ሳምንት ያልፋል፤ ወር ይሞላል። ኅዳር ሲጋመስ በሽታው ማንም ሳያክመው በራሱ ጊዜ ይተወዋል። በዓመቱ መስከረም ሲጠባ ግን ተመልሶ ይመጣል።

እንዲህ ቀን ቆጥሮ የሚመለስ ጉንፋን የለም። ይህ የሣር አበባ ብናኝ የሚያስነሣው አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለርሱ እንነጋገራለን።

ጉዳዩን እንዳነሣ ምክንያት የሆኑኝ አንዲት ጎረቤቴ ናቸው። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራሉ። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው። ለሦስት ዓመት ያህል በየጥቅምቱ ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን እየገዙ ሰጥተውታል። ልጁን ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ በየጊዜው ከአለቃቸው ፈቃድ መለመን ነበረባቸው፤ የቀሩበት ቀንም ከደመወዛቸው ተቆርጧል። ከሁሉ የከፋባቸው ግን ከትምህርት ቤት የመጣው ወቀሳ ነበር። ልጁ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ የተነገረውን ቶሎ አይሰማም፤ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል። «ማታ ቴሌቪዥን እያየ ያመሻል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» ተባሉ።

«እኔ እኮ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው የማስተኛው» አሉኝ ጎረቤቴ። «ግን ሌሊቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋና ሲገላበጥ ያድራል። እንቅልፍ መቼ አገኘና! አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? እስቲ ይኼን ጠይቀሽ ጻፊው።»

ልጁን ልብ ብዬ ሳየው አንድ ነገር አስተዋልኩ። አፍንጫውን የሚጠርገው እንደሌሎች ልጆች ወደ ጎን ሳይሆን በመዳፉ ከታች ወደ ላይ እየገፋ ነው። ከአፍንጫው ጫፍ ከፍ ብላ አግድም የተሰመረች ቀጭን መስመርም አለች። የሕፃናት ሐኪሞች ይህችን መስመር በደንብ ያውቋታል። አፍንጫው ለሳምንታት ሲበላው የሚከርም ልጅ እየገፋ እየገፋ የሚያወጣት ምልክት ናት። የዓይን ሥር መጥቆሩም ቢሆን የአፍንጫ ውስጥ ሲያብጥ በአካባቢው ያሉት የደም ሥሮች ደማቸውን እንደልብ ስለማያሳልፉ የሚመጣ እንጂ ሁልጊዜ የማምሸት ውጤት አይደለም። አፍንጫው የታፈነ ልጅ ጆሮውም ሊደፈን ስለሚችል «አይሰማም» የተባለው እውነት ሊሆን ይችላል። ልጁን ሰነፍ ከማለት በፊት ይህን ማየት ይገባ ነበር።

ጎረቤቴ በበኩላቸው የጠረጠሩት አደይ አበባን ነበር። ልጃቸው ለእንቁጣጣሽ አደይ እንዳይነካ ከልክለውታል፤ በረንዳ ላይ የነበረችውን የጽጌረዳ ማሰሮ እንኳ ለሰው ሰጥተዋል። ብዙ ሰው እንደርሳቸው ያስባል። ነገር ግን ደማቅ ቀለምና መዓዛ ያላቸው አበቦች ያጌጡት ንብንና ሌሎች ነፍሳትን ለመጥራት ነው። ብናኛቸው ከበድ ያለና የሚያጣብቅ በመሆኑ በነብሳቱ እግር ተሸክሞ ይሄዳል እንጂ ነፋስ ርቆ አይወስደውም። ጥፋተኛው ከአደይዋ ሥር ማንም ሳያየው ያበበው ሣር ነው።

ሣር ያብባል እንዴ? ትሉ ይሆናል። ያብባል። በጫፉ ላይ የሚያወጣው ራስ አበባው ነው። ቀለምም ሽታም ስለሌለው ማንም ልብ አይለውም። ንብ የማይጠራ በመሆኑ ብናኙን የሚያሠራጭለት ነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ የት እንደሚጥለው ስለማይታወቅ ሣሩ ያለ ልክ ይለቃል። አንዷ ብናኝ እጅግ ጥቃቅን ከመሆኗ የተነሣ 30 ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ 1 ሚሊ ሜትር ቢሞሉ ነው። በዓይን አትታይም፤ በመስኮት ትገባለች፤ በፀጉርና በልብስ ላይ ታርፋለች። በየጎዳናው ዳር፣ በየቦዩና በየትምህርት ቤቱ ሜዳ የሚበቅለው ሰርዶ በብዙ አገሮች የታወቀ የአለርጂ መነሻ ነው። በደጋው አገራችን ሣሩ ክረምቱን ሲጠጣ ሰንብቶ በብዛት የሚያብበው ከመስከረም ጀምሮ ነው። እንደ ሱሉልታ ባሉ ሜዳዎች ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ እስኪሆንና በከተማውም የየጥጋጥጉ ሣር እስኪደርቅ ድረስ አየሩ ብናኝ ይሸከማል። የልጁ «ጉንፋን» ኅዳር ላይ በራሱ ጊዜ የሚተወው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ከሣር ወገን መሆናቸውን የሰሙ አንዳንድ እናቶች ልጃቸውን እንጀራ ሊከለክሉት ያስባሉ። አያስፈልግም። እነዚህ አዝርዕት በአብዛኛው በየአበባቸው ውስጥ ራሳቸውን የሚያዳቅሉ ስለሆኑ ወደ አየር የሚለቁት ብናኝ ጥቂት ነው። የሚበላውም ፍሬው እንጂ ብናኙ አይደለም።

ለመሆኑ ያለ ጥፋቱ የሚነፍስ ብናኝ ሰውን ለምን ያሳምማል? ብናኙ መርዝ የለበትም፤ ተሐዋስያንም አይደለም። የተሳሳተው የራሳችን ሰውነት ነው። በሽታን የሚከላከለው የሰውነታችን ክፍል በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ እንግዳውን ሌባ ነው ብሎ እንደሚጮህ ዘበኛ ይሆናል። ብናኟ እርጥብ በሆነው የአፍንጫ ውስጥ ስታርፍ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቀቅና ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፣ ያሳብጣል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ዘበኛው ጠላቴ ነው ብሎ ብናኟን ለመለየት ጥቂት ዓመታት ስለሚወስድበት በሽታው በብዛት የሚጀምረው ልጁ ለትምህርት ከደረሰ በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አፍንጫው ሁልጊዜ የሚፈስ ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይሻላል። አባት ወይም እናት አለርጂ ወይም አስም ካላቸው ለልጁ የመውረስ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ነገሩ እስኪታወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቷል። ጆን ቦስቶክ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1819 በየበጋው የሚያሠቃየውን የገዛ ሕመሙን መዝግቦ አቀረበ፤ መነሻውን ግን አላወቀውም። ሕዝቡ ከድርቆሽ ሽታ የመጣ ነው ይል ስለነበር በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ የድርቆሽ ትኩሳት እየተባለ ይጠራል። ስሙ ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው፤ ትኩሳት የለውም፣ ዋናው መነሻም ድርቆሽ አይደለም። በማንቸስተር ይኖር የነበረው ቻርልስ ብላክሊ የሣር ብናኝን በገዛ አፍንጫው ላይ እየሞከረ፣ የሚያጣብቅ መስተዋት በሰማይ ካይት አስሮ እያበረረ ብናኙን ከአየር ላይ ከያዘ በኋላ በ1873 ውጤቱን አሳተመ። አለርጂ የሚለውን ቃል በ1906 ያወጣው የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው። ዘበኛውን የሚያስጮኸውን የደም ክፍል ደግሞ በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ለይተው ካወቁት ተመራማሪዎች መካከል ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኪሚሺገና ቴሩኮ ኢሺዛካ ይገኙበታል። ለምርምሩ ሲሉ የገዛ ቆዳቸውን ይወጉ ነበር።

አሁን ወደ ቤትዎ እንመለስ። ጉንፋንን ከአለርጂ እንዴት ይለያሉ? ጉንፋን ብዙውን ጊዜ ጉሮሮ በመከርከርና ሰውነት በመቆራረጥ ይጀምራል፤ ልጅ ከሆነ ሊያተኩሰው ይችላል፤ ንፍጡ ከቀናት በኋላ ይወፍራል፤ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ይለቃል። አለርጂ ግን አያተኩስም። ፈሳሹ ቀጭንና የጠራ ነው። ዋናው ምልክቱ ማሳከኩ ነው፤ አፍንጫ፣ ሁለቱም ዓይኖች፣ ላንቃ ይበላሉ። ነፋስ ባለበት ቀንና ሜዳ ላይ ሲውሉ ይብሳል፤ ዝናብ ደኅና አድርጎ ሲጥል ይቀላል። ችግሩ ዓመቱን ሙሉ ካለ መነሻው ሣር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የፍራሽ አቧራ፣ በረሮ ወይም ድመት ሊጠረጠር ይገባል። ፈሳሹ ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ የሚወርድና የሚሸት ከሆነ ደግሞ ሕፃኑ ባቄላ ወይም ዶቃ አፍንጫው ውስጥ ከቶ እንዳይሆን ቶሎ ያሳዩት።

በከተማችን የአፍንጫ ነገር ሁሉ «ሳይነስ» ይባላል። ሳይነስ ግን በፊት አጥንት ውስጥ ያሉት ክፍተቶች ስም ነው እንጂ የሚያስነጥስ ሁሉ ሳይነስ ታሟል ማለት አይደለም። ስሙን ከሰጡት በኋላ መፈወሻ የለውም ብሎ መተው ስለሚከተል ነው ይህን የምለው።

የሚመጣበት ወቅት የታወቀ በሽታ አስቀድሞ መዘጋጀትን ይፈቅዳል። ሣሩን ከከተማው ማጥፋት አይቻልም፤ ወደ ልጅዎ አፍንጫ የሚደርሰውን ግን መቀነስ ይቻላል። በአብዛኛው የማናስበው አንድ ልማድ አለን። የታጠበ ልብስ፣ በተለይም አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ሣር ላይ ወይም አጥር ላይ እናሰጣለን። በመስከረምና በጥቅምት እንዲህ የደረቀ አንሶላ ብናኙን ተሸክሞ አልጋ ላይ ይነጠፋል፤ ልጁም ሌሊቱን ሙሉ ሲስበው ያድራል። በነዚህ ወራት ልብሱን በረንዳ ወይም ቤት ውስጥ በገመድ ያድርቁት። ቦታ ከጠበበ ቢያንስ የትራስ ልብሱንና አንሶላውን ያስቀድሙ።

ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የደንብ ልብሱን በር ላይ ያውልቅ፤ ፊቱንና እጁን ይታጠብ፤ ከመኝታ በፊት ፀጉሩ በውኃ ይለቅለቅ። ጠጉሯን ሹሩባ ለተሠራች ልጅ በየቀኑ ማጠብ ስለማይመች ውጭ ስትውል ሻሽ ብታስር ይበቃል። መስኮት ማለዳና አመሻሽ ላይ ቢዘጋ መልካም ነው። በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች አፍ ላይ ስስ ቫዝሊን መቀባት ብናኙን እየያዘ ያስቀራል፤ ርካሽ ዘዴ ነው። ግቢዎ ውስጥ ሣር ካለ ራስ ከማውጣቱ በፊት ይታጨድ፤ አጨዳው ላይ ግን ሕመምተኛው አይገኝ።

ስለ ቄጠማ ነገርም ሳልጠየቅ አልቀርም። በዓልን ያለ ቄጠማና ያለ ቡና ማሰብ ይከብዳል፤ እኔም አስቀሩ አልልም። ገበያ ሲወጡ ግን ራስ ያወጣውን ትተው ለጋውንና ለምለሙን ይምረጡ። ውኃ ረጨት አድርገው ይጎዝጉዙት፤ ሳይደርቅም ይጥረጉት። የዕጣን ጢስና የከሰል ጢስ የአለርጂው መነሻ ባይሆኑም የቆሰለውን አፍንጫ ያብሱታልና በዚያ ሰሞን ዕጣኑ ቢቀንስ፣ በሩም ቢከፈት ይመረጣል።

አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ ለብዙዎች እፎይታ ይሰጣል። ግማሽ ሊትር ውኃ በደንብ አፍልተው ያቀዝቅዙ፤ ያልሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩበት። በንጹሕ መርፌ አልባ ሲሪንጅ በአንዱ ቀዳዳ ቀስ ተደርጎ ሲገባ በሌላው ይወጣል። ልጁ ጎንበስ ብሎ አፉን ይክፈት። ያልፈላ የቧንቧ ውኃ በጭራሽ አይጠቀሙ፤ የተረፈውንም ለነገ አያሳድሩ። ዳማከሴን እኔ አልነቅፈውም፤ ሽታው ለጊዜው አፍንጫን የሚከፍትላቸው አሉ። ጭማቂውን ግን በሕፃን ዓይንና አፍንጫ ውስጥ መጭመቅ ይቅር። በፈላ ውኃ መታጠንም ልጆችን ስላቃጠለ የሚመከር አይደለም።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አሞክሲሲሊንና መሰሎቹ ባክቴሪያ ይገድላሉ እንጂ በአለርጂ ላይ አንዳች ሥራ የላቸውም። የጎረቤቴ ልጅ የተሻለው በመድኃኒቱ ሳይሆን ሣሩ ስለደረቀ ነው። የሂስታሚንን ሥራ የሚያግዱ መድኃኒቶች ማሳከኩንና ማስነጠሱን ይቀንሳሉ። ከነዚህ ውስጥ እንደ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉት የቆዩት ያስተኛሉ። ስፌት መኪና ላይ ለምትቀመጥ ሠራተኛ፣ ለሾፌርና ለተማሪ አይበጁም፤ ፕሮሜታዚንማ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አደገኛ ነው። እንደ ሎራታዲንና ሴትሪዚን ያሉት ግን የማስተኛት ጠባያቸው አነስተኛ ስለሆነ የመድኃኒት ባለሙያውን «የማያስተኛውን» ብለው ይጠይቁ።

አፍንጫው በጣም ለሚታፈን ሰው ከኪኒን ይልቅ የተሻለ የሚሠራው እንደ ፍሉቲካዞንና ቤክሎሜታዞን ያለው የሚነፋ የአፍንጫ መድኃኒት ነው። ሰዎች ሁለት ቀን ሞክረው «አልሠራም» ብለው ይጥሉታል። የሚሠራው ቀስ በቀስ ስለሆነ በየቀኑ መወሰድ አለበት፤ ወቅቱ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ቢጀመር ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ሲነፋም አንገት ትንሽ ደፋ ብሎ፣ አፉ ወደ መሐል አጥንት ሳይሆን ወደ ውጭ ጎን ዞሮ መሆን አለበት፤ የግራውን ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ የቀኙን በግራ እጅ ቢነፉት አቅጣጫው በራሱ ይስተካከላል። ለልጅ የትኛውና ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ሐኪሙ ይወስን። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም በጨው ውኃው ጀምራ ሌላውን ሐኪሟን ትጠይቅ።

አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱ ጠብታዎች አታላይ ናቸው። ከአምስት ቀን በላይ ከተወሰዱ አፍንጫው መልሶ ከበፊቱ ይብስ ይታፈናል። «አንዴ ተወግቶ ወቅቱን ማሳለፍ» እየተባለ የሚነገርለት የስቴሮይድ መርፌም ጉዳቱ ከጥቅሙ ስለሚያመዝን ሐኪሞች አይመክሩትም። ይህን ከአለርጂው ክትባት ጋር አያምታቱት። በለንደን ሊዮናርድ ኑን በ1911 የሣር ብናኝን በጥቂት በጥቂቱ በመርፌ እየሰጠ ሰውነትን የማለማመድ ዘዴ ጀምሯል፤ ሦስት ዓመት ያህል የሚወስድ ሲሆን ዛሬም ይሠራበታል። በአገራችን ግን በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አፍንጫ ብቻ ነው። ነገሩን ቀላል አድርገን እንዳናየው የሚያስገድደን ግን ደረት ነው። አፍንጫና ሳንባ አንድ መንገድ ናቸውና የአፍንጫ አለርጂ ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ አስምም አለባቸው ወይም በኋላ ይይዛቸዋል። ልጅዎ ሌሊት የሚያስል፣ ሲሮጥ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል ከሆነ ብርድ ነው ብለው አይተዉት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኅዳር 2016 በአውስትራሊያ የሜልቦርን ከተማ የሣር ብናኝ በአየሩ ሞልቶ ሳለ ነጎድጓዳማ ዝናብ መጣ። እርጥበቱ ብናኙን ወደ ሳንባ ሊገቡ ወደሚችሉ ቅንጣቶች ስለሰባበረው በአንድ ምሽት ሺህዎች ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ ሆስፒታል ጎረፉ፤ 10 ሰዎችም ሞቱ። ከተጎዱት መካከል ከዚያ በፊት ሲያስነጥሱ እንጂ አስም እንዳለባቸው የማያውቁ ብዙዎች ነበሩ።

አስም እንዳለበት የተነገረው ልጅ ፓፍ ይታዘዝለታል። እናቶች «አንዴ ከተጀመረ ሱስ ይሆናል» እያሉ ሲደብቁት ሰምቻለሁ። ሱስ አይሆንም። ልጁ ደጋግሞ የሚፈልገው በሽታው ስላለ ነው፤ በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ ፓፍ ሲቋረጥም ነው አደጋው የሚመጣው። ልጁ ሲናገር ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ የጎድን አጥንቱ መካከል ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ማስታገሻውን ፓፍ እየሰጡ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ጎረቤቴ ልጃቸውን ጤና ጣቢያ ወስደው አስመረመሩ፤ ደረቱ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ የጻፉላቸውንም ወረቀት ይዘው ትምህርት ቤት ሄዱ። መምህሩ ልጁን ከሜዳው በኩል ካለው መስኮት አንሥተው ወደ ግድግዳው አዛወሩት። የሚነፋው መድኃኒት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት እንዴት ነው ብዬ ስጠይቃቸው «ማስነጠሱስ ጨርሶ አልተወውም፤ አፉን ገጥሞ ግን ይተኛል» አሉኝ። የጽጌረዳ ማሰሮዋን ከሰጧት ሰው መልሰው ወስደዋል። ግድግዳቸው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ደግሞ ነሐሴ 20ን በቀይ እስክሪብቶ ከበውታል።